ስሙ የጣቢያው ነው

ጅዳ፣ ጁላይ 11 ቀን 1999

ለሥራ ባልደረባዬ፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ ለማየው ለኩያ ኤፍሬን፣

ሰላምታዬ መጀመሪያ ላንተ፣ ቀጥሎ ለባለቤትህ፣ ከዚያም ባስነሳኸው ቁጥር ለሚያስለው ለዚያ አሮጌ የራዲዮ ማሠራጫችን ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት ቤት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ትንሿ ከወዲሁ በእኛ ቋንቋ እምቢ ማለት ለምዳለች። ስለ ሙቀቱ ብዙ አልነግርህም፤ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ሸሚዝህን አውልቀህ የሠራህበትን ሳምንት አስታውስና እጥፍ አድርገው።

ለመጻፍ ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ጥያቄህን ሸሽቼ ነው እንጂ ወረቀት አጥቼ አይደለም። አዎ፣ ለእናቴ ለኢናይ ሳልነግራት ነው የመጣሁት። ምን ብዬ ልንገራት? እህቴ ሮሲንግ ከኩዌት በሬሳ ሳጥን ከመጣች ጀምሮ እናቴ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ “ሁለተኛ ልጅ ለአውሮፕላን አልሰጥም።” ካለች አለች ነው፤ አንተም ታውቃታለህ። ግን የዓይኗ ሞራ ደግሞ እኔን አይጠብቅም። ባለፈው ስቅለት አላባት ደሴት ሄጄ በሩ ላይ ስቆም “ማነው?” አለችኝ። በራዲዮ ደመወዝ አሳክማታለሁ ብል የምደርሰው ጨርሳ ከታወረች በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ኩያ። ሠርቼ፣ አሳክሜያት፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ትቆጣኝ።

ስለዚህ የተስማማንበትን አደራ። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከጂፕኒ ታክሲ ሾፌሮቹ ሰላምታ በፊት፣ እንዲህ ይባል፦ “አላባት ላለችው ለኢናይ ኮንራዳ፤ እንደምን አደርሽ እናቴ፣ ቁርስሽን ሳትበዪ ጓሮ እንዳትወጪ።” አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ጠዋት አላጓደልኩም። ይህን እስከሰማች ድረስ ሉሴና ከተማ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ነኝ ብላ ታምናለች።

በእኔ ቦታ ማይኩ ላይ የተቀመጠችው አዲሷ ልጅ ማን እንደሆነች አልጻፍክልኝም። ድምፄን ትመስላለች? እንዳትስቅብኝ፤ ብትመስልም ይከፋኛል፣ ባትመስልም ይከፋኛል።

ሊጋያ


ሉሴና፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1999

ሊጋያ እህቴ፣

ሰላምታሽን ለማሠራጫው አድርሼለታለሁ፤ አስሎ መልሷል። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ዝናቡ ግን የጣራውን ቀዳዳ አግኝቶታል፤ የካሴት መደርደሪያውን ወደ መተላለፊያው አውጥተነዋል።

ልጅቷ ጆቬሊን ካባንጋን ትባላለች። ከገበያው ጀርባ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመቷ ነው። ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ትመስላለች። ጥፋቱ የኔ ነው። አለቃችን ሚስተር አላርኮን “ሰሚው ለውጥ መኖሩን ማወቅ የለበትም” ስላሉ ያንቺን ካሴቶች ሰጥቼ አንድ ወር አስጠናኋት። ሳቅሽን ሳይቀር ይዛዋለች፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ የሚያጥርሽን ነገር።

ሌላም አለ፤ ከሰው ከምትሰሚው ከኔ ይሻላል። አሁን በራዲዮ ስምሽ አቴ ኒንግኒንግ፣ የሾፌሮቹ ሁሉ ታላቅ እህት፣ የምትባለው እሷ ናት። አለቃችን “ስሙ የጣቢያው ነው፣ ሊጋያ ስትቀጠር ፈርማለች” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጣቢያችንን ራዲዮ ጉማሜላን ለቆ የሄደ ሁሉ ስሙን ማይኩ ሥር ትቶ ነው የሄደው። እንግሊዝኛውን በአፍንጫው ያወራ የነበረውን ሪኪን አስታወስሽው? ሦስት ሪኪዎች ነበሩ እኮ፤ ሁለቱ አሁን ጂፕኒ ይነዳሉ። ያንጊዜ ግን ማንም ልብ አላለም። ሾፌሮቹ ዘፈኑን ሰምተው ሪኪ ማውራት ሲጀምር ድምፁን ይቀንሱት ነበር። ጣቢያው ከተከፈተ ከ1987 ጀምሮ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው።

ያንቺ ነገር ይለያል። ያ አውሎ ነፋስ ሪኪን ከቤቱ ባላስወጣው ጠዋት፣ ካሴት የምትደረድረዋ ልጅ ማይኩን ከፍታ የትኛው ድልድይ እንደተሰበረ በገዛ ቋንቋችን በታጋሎግ ባትናገር ኖሮ ዛሬም በአፍንጫችን ስናወራ ነበር። በማግሥቱ የሰላምታ ደብዳቤ በጆንያ መጣልን። ኒንግኒንግ ብለን ስም ያወጣንልሽም እኔና ሾፌሮቹ ነን። እና ስምሽን ለሌላ ሲሰጡ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። ዝም ግን ብያለሁ።

ጆቬሊን ክፉ ልጅ አይደለችም። የኢናይ ኮንራዳን ሰላምታ መጀመሪያ ቀን ከማንበቧ በፊት ማይኩን ዘጋችው። “ኩያ፣ የሰው እናት እናቴ ማለት ኃጢአት አይሆንብኝም?” አለችኝ። “ሥራ ነው፣ አንብቢ” አልኳት።

ኤፍሬን


ጅዳ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2000

ኩያ ኤፍሬን፣

ስለ ስሙ አልተቀየምኩም ብዬ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ተቀይሜያለሁ። ሰው ልብሱን ትቶ ሲሄድ ሌላ ሰው ቢለብሰው ምንም አይደል፤ ሳቄን ግን ለምን ሰጠሃት? እሱ መቼም ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

እሺ፣ ይሁን። ስሙን ትውሰድ። “እናቴ” የሚለውን ግን በውሰት ነው የሰጠኋት፤ ይህን ንገርልኝ።

ለገና በላክልኝ ደብዳቤህ ስለ ማሠራጫው አንድ ገጽ ጽፈህ ስለ ኢናይ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፍከው። የምትደብቀኝ ነገር ካለ በእግዚአብሔር ንገረኝ። ታማለች?

ሊጋያ


ሉሴና፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2000

ሊጋያ እህቴ፣

እንኳን ለፋሲካ በሰላም አደረሰሽ። ኢናይ ኮንራዳ አልታመሙም፤ ደብቄሽም አልነበረም። አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ።

አንቺም እኔም የራዲዮ ሰዎች ነን። ድምፅ የሚሰማበትን ቀን ሁሉ አሰብን፤ ዝም የሚባልበትን ረሳነው። ጸሎተ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እንደየዓመቱ ማሠራጫውን አጠፋሁ። እስከ ፋሲካ ጠዋት ድረስ አገሩ ሁሉ ያለ ራዲዮ ነው። ቁጭ ብዬ የማሽኑን አቧራ ስጠርግ ድንገት ትዝ አለኝ። አንቺ በዓመት አንዴ ቤትሽ የምትሄጂው ጣቢያው ሲዘጋ ነው። ገና ሲመጣ ሥራ ይበዛብሻል፣ እሑድም ሥራ ላይ ነሽ፤ ያንቺ ቀን ስቅለት ብቻ ነበር። ለእናትሽ የራዲዮው ዝም ማለት ልጄ መጣች ማለት ነው። እንዴት ይህን ረሳን?

አርብ ማለዳ በጀልባ ተሻገርኩ። የሕማማቱን ዜማ የሚያዜሙት ሰዎች ድምፅ ከወደቡ ይሰማል። ኢናይ ኮንራዳ ወንበራቸውን በር ላይ አውጥተው ተቀምጠዋል። ቢኮ ሠርተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል፤ ሩዙን በኮኮናት ወተት እስኪጣበቅ አብስለው፣ ዳር ዳሩን ቡናማውን ስኳር አብዝተው፣ በሙዝ ቅጠል ሸፍነውታል። ኮቴዬን ሲሰሙ “ሊጋያ፣ ዛሬስ ቆየሽ” አሉ።

ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ማሠራጫው ተበላሽቶ ጥገናውን የምትቆጣጠረው እሷ ናት አልኳቸው። አንቺን! ሽቦ ስታዪ የምትሸሺዋን! “የስቅለት ቀን?” አሉኝ። “የስቅለት ቀን” አልኩ። ቢኮውን ቆርሰው አበሉኝ። የቀረውን በቅጠል ጠቅልለው ላንቺ ላኩልሽ። እኔና ጆቬሊን ስቱዲዮ ውስጥ በላነው። እሷ እያለቀሰች ነው የበላችው። “ለከርሞ ሊጋያ ሆኜ እኔ እሄዳለሁ፤ እንደሆነ አያዩም” አለችኝ። ያላንቺ ፈቃድ እሺም እምቢም አልል አልኩ። ምን ልበላት?

ኤፍሬን


ጅዳ፣ ሜይ 30 ቀን 2000

ኩያ፣

ትሂድ።

ስትገባ የኢናይን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ ታስነካ። ቢኮውን ከዳሩ ትጀምር፤ ከመሐል ከጀመረች ኢናይ ወዲያው ታውቃለች። ብዙ ማውራት የለባትም። እኔ ቤት ስገባ ብዙ አላወራም፤ ስለሚደክመኝ በልቼ ወዲያው ነው የምጋደመው።

ይህን ስጽፍልህ ነው ልብ ያልኩት። ለከተማው ሁሉ፣ ለማላውቀው ሾፌር፣ ለማላውቃት አትክልት ሻጭ ጠዋት ሙሉ ሳወራ ኖሬ እናቴ ፊት ስደርስ ይደክመኝ ነበር። “ሬዲዮዋ ተዘጋች” እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

ሊጋያ


ሉሴና፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2001

ሊጋያ እህቴ፣

ሄዳ መጣች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ያየሁትን እነግርሻለሁ።

እጃቸውን ግንባሯ ላይ አስነካች። እሳቸው እጇን አልለቀቁትም። ከዚያ ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ በጣታቸው ዳሰሱና “ከስተሻል” አሉ። ቢኮውን ከዳሩ ጀመረች። እስከዚህ ድረስ እንዳዘዝሽው ነው። ከዚያ በኋላ ግን አልተጋደመችም፣ ሊጋያ። አልቻለችም። ዕቃውን አጠበች፣ የእግራቸውን ጥፍር ቆረጠች፣ ስለ ልጅነታቸው ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ጀልባው ሊሄድ እስኪል ድረስ አወሩ። ስንለያቸው “ዘንድሮ ሬዲዮዋ አልተዘጋችም” አሉ። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለዓይናቸው የላክሽው ገንዘብ ደርሶኛል። ሐኪም አናግሬ ቀን አስያዝኩ። እምቢ አሉ። “ጣቢያው ነው የሚያሳክምዎት” አልኳቸው፣ እምቢ። “ሊጋያ ናት የለፋችበት” አልኳቸው፣ እምቢ። “የማየው ይበቃኛል፣ ልጄ” ብለው ወሬ ቀየሩብኝ። ምን እንደነካቸው አልገባኝም። አንቺ መጥተሽ ካልለመንሻቸው በቀር እኔ አልቻልኩም። ውልሽ ጁን ላይ ያልቃል አይደል? ትመጫለሽ አይደል?

ኤፍሬን


ጅዳ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2001

ኩያ ኤፍሬን፣

እንዳልመጣሁ አይተሃል። ውሌን አራዝሜያለሁ። ልጆቹ ለምደውኛል፣ አሠሪዎቼ ለመኑኝ ብዬ ልጽፍልህ እችል ነበር፤ ውሸትም አይደለም። ግን አንተን ልዋሽህ አልፈልግም፤ ላንተም ከዋሸሁ እውነቱን የሚያውቅ ሰው አይኖረኝም።

ፈራሁ። የመጣሁት ለዓይኗ ነበር። ዓይኗን እምቢ ካለች ምን ይዤ ነው የምገባው? “የት ነበርሽ?” ብትለኝ “የትም፣ በከንቱ” ልበላት? እዚያ ደግሞ የጎደለ ነገር የለም። ሰላምታዋ በየጠዋቱ ይባላል፣ ስቅለት ሰው ይመጣላታል፣ ጥፍሯ ይቆረጣል። እኔ ጥፍሯን ቆርጬላት አላውቅም፣ ኩያ።

ሰላምታው ይቀጥል። ስለ ጆቬሊን ግን ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ።

ሊጋያ


ሉሴና፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2006

ሊጋያ እህቴ፣

አራት ዓመት የገና ካርድ ብቻ ስንለዋወጥ ኖረን፣ ኖቬምበር ላይ የእናትሽን መሞት በስልክ ባሠሪዎችሽ በኩል ስነግርሽ ድምፅሽን እንኳ አላወቅሁትም ነበር። ለቀብሩ ስላልለቀቁሽ ራስሽን አትኮንኚ። የሚሸኛቸው ሰው አልጎደለም፤ የሉሴና ጂፕኒ ሾፌሮች ሳይቀሩ ተሻግረው መጥተዋል።

መጨረሻ ላይ ማንን እንደጠሩ ጠይቀሽኛል። ጆቬሊን አጠገባቸው ነበረች፤ ጠዋት ነው፣ የሷን ሰዓት እኔ ካሴት አጫውቼ ሸፍኜላት ነበር። ማንንም አልጠሩም። “ራዲዮውን ጨምሪልኝ” ነው ያሉት።

ለምን እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለዚህ ነው እስከዛሬ መጻፍ ያቃተኝ። የሰላምታ ደብዳቤዎቹን የምለየው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። በ2002፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ጎረቤታቸው ኔሊያ የጻፈችላቸው ካርድ መጣልኝ። ለጆቬሊን አላሳየኋትም። በራዲዮም አላስነበብኩም። ቢነበብ ሁለት ኒንግኒንጎች እንዳሉ አገር ይሰማል፣ አለቃችን ጆቬሊንንም እኔንም ያባርራሉ ብዬ ፈራሁ። ላንቺ ልልክልሽ ደግሞ ያንቺን ስብራት ፈራሁ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ መሳቢያ ውስጥ ከረመ። እሳቸው ሦስት ዓመት ተኩል በየጠዋቱ ይነበባል ብለው ሲጠብቁ ነበር። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ከጠፋብሽ ብዬ እዚህም ገልብጬዋለሁ፦

“ይድረስ ለአቴ ኒንግኒንግ። ይህን ለልጄ ለሊጋያ አንብቢልኝ። ራዲዮው አይደርሳትም፤ ከሰሚዎቹ አንዱ ይነግራት ይሆናል። ሊጋያ፣ መሄድሽን ከመጀመሪያው ጠዋት ነው ያወቅሁት። አንቺ ሥራ ስላለብሽ ስሜን ስትጠሪ ትቸኩያለሽ። ይቺ ልጅ ቀስ ብላ ነው የምትጠራኝ። አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን ወጥቶልኛል። ዓይኔን ያልታከምኩት ንቄሽ አይደለም። ካየሁ፣ ማየቴን ልጅቷ ታውቃለች፤ አፍራ ትቀርብኛለች። እሷ ከቀረች ያንቺን ወሬ ማን ያመጣልኛል? ስለዚህ ነይ። መጀመሪያ አንቺ ነይ፣ ከዚያ ዓይኔን እታከማለሁ። የምትመጪ ከሆነ በራዲዮ አስነግሪ፣ በራስሽ ስም። ቢኮውን ለሁለታችሁም በሚበቃ ልክ እሠራለሁ። እናትሽ ኮንራዳ።”

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ የማይጠየቅ ነገር ነው።

ጣቢያችንም እያለቀለት ነው። ማኒላ ያለ ድርጅት ገዝቶታል። ከፋሲካ ጀምሮ የሚያወሩት የማኒላ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ጋ የሚቀረው ማሠራጫው ብቻ ነው። ጆቬሊንም እኔም ጸሎተ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እንወጣለን። ኒንግኒንግ የሚለውን ስም ወስደውታል። አለቃችን የጣቢያውን ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፍ ብለውኛል፤ “አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለችው አቴ ኒንግኒንግ” ተብሎ እንደ አንድ ሰው እንዲጻፍ ነው የሚፈልጉት። ምን ልጻፍ?

ኤፍሬን


ጅዳ፣ ማርች 14 ቀን 2006

ኩያ ኤፍሬን፣

ካርዱ ደርሶኛል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኝቼ ኩሽና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ ነበረብኝ፤ ከተፍኩ።

ልቆጣህ ፈልጌ ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ ተቆጥቼህ ጽፌ ነበር። ደግሜ ሳነበው ሁሉም ለራሴ የተጻፈ ነው። አንተ አንድ ካርድ ደበቅህ፤ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ራሴን ደበቅሁ። ካርዱን ያኔ ብትልክልኝ እመጣ ነበር ብዬ ልማልልህ አልችልም። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ለታሪኩ እውነቱን ጻፍ። ካሴት ደርዳሪዋ ሊጋያ ዲማጊባ አምስት ዓመት፣ የዓሣ ሻጮቹ ልጅ ጆቬሊን ካባንጋን ሰባት ዓመት። ሪኪዎቹንም ሦስቱንም በስማቸው ጻፋቸው። አለቃህ ቢቆጡ ምን ያደርጉሃል? ሊያባርሩህ?

ውሌን ጨርሻለሁ። ከዚህ በኋላ አላራዝምም። የመጨረሻው ጠዋት መቼም ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ እኔ ያን ቀን አውሮፕላን ላይ ነኝ። አርብ ማለዳ ወደቡ ላይ ጠብቁኝ፣ አንተም ጆቬሊንም። ቢኮውን እሷ ትሥራልን። ኢናይ አስተምራታለች አይደል? እኔን አላስተማረችኝም፤ ተጋድሜ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሾፌሮቹ ሰላምታ በፊት፣ ጆቬሊን ይህን ታንብብልኝ፦

“አላባት ላለችው ለኢናይ ኮንራዳ። እንደምን አደርሽ እናቴ። ይህን ያስነገርኩት ልጅሽ ሊጋያ ነኝ። ስቱዲዮው ውስጥ አይደለሁም፣ ጅዳ ነኝ። ካርድሽ ደርሶኛል። ጣቢያው ነገ ይዘጋል፤ አርብ እመጣለሁ። ስለቆየሁ ይቅር በይኝ።”

የኔ ስም ላይ ስትደርስ ብትቸኩልም ግድ የለም። ኢናይ ኮንራዳ የሚለውን ግን እንደለመደችው ቀስ ብላ ትጥራው።

ሊጋያ